ኤልያስ ስሜና አይዳ ሙሉነህ፤ ምናብ ከሥራው በፊት ወይስ በሥራው ውስጥ?

ቀለም ቀመስ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰሞኑን እዚሁ ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበባችን ስንወያይ አንድ ተሳታፊ «ፎቶግራፍ ያለውን ያነሣል እንጂ አይፈጥርም፤ ምናብ የሚገኘው ሠዓሊው ዘንድ ነው» የሚል አሳብ ጽፈው ነበር። ይህ አባባል በሁለት የአገራችን ባለሙያዎች ሥራ ቢፈተን አይጸናም፤ እንዲያውም ተገልብጦ ይገኛል ብዬ ስለማምን ነው ይህን ክር የከፈትሁት። ሁለቱ ኤልያስ ስሜና አይዳ ሙሉነህ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ላሳስብ።

ኤልያስ በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ ዛሬ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1990 ተመርቋል። ቀደም ባሉት ሥራዎቹ ሸራ ላይ በክር ይጠልፍ፣ የልብስ ቁልፍ ይሰፋ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ይደረድር ነበር። «ታይትሮፕ» በሚል ርእስ ለዓመታት በቀጠለው ተከታታይ ሥራው ደግሞ የተጣለ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፎችና እየጎነጎነ በእንጨት ገበታ ላይ የሚያያይዘውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠቀማል። ከእነዚህ ገበታዎች አንዳንዶቹ የአንድ ክፍል ግድግዳ ይሸፍናሉ።

አይዳ በ1974 እዚያው አዲስ አበባ ብትወለድም ያደገችው በየመን፣ በእንግሊዝ፣ በቆጵሮስና በካናዳ ነው። በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ሙያ ተመርቃ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሆና ሠርታለች። በ2007 ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች። በሰፊው የምትታወቀው ግን ፊታቸውና ገላቸው በነጭ፣ በሰማያዊ ወይም በቀይ የተቀባ ሴቶች በሚታዩባቸውና እያንዳንዱ ነገር ታስቦበት በተቀመጠባቸው ፎቶግራፎቿ ነው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልግባ። አይዳ ካሜራ ከማንሣቷ በፊት አሳቧን በወረቀት ትነድፋለች። ከዚያ ልብሱ በንድፉ መሠረት ይሰፋል፣ የጀርባው ቀለም ይመረጣል፣ ሞዴሏ ትቀባለች፤ መዝጊያው ጠቅ ሲል ሥራው ቀድሞ አልቋል ለማለት ይቻላል። በአንጻሩ ኤልያስ የሚነሣው ካለው ነገር ነው። ቁሱ ከምናለሽ ተራ ይመጣል፣ ይለያል፣ ይከማቻል፤ የሚፈልገው ዓይነት ሽቦ እስኪበቃው ድረስ ገበታው ይጠብቃል። ስለዚህ «ሠዓሊ» የምንለው ሰው ዓለም ያቀረበለትን ተቀብሎ ሲመርጥ፣ «ፎቶግራፍ አንሺ» የምንላት ደግሞ ከራሷ ጭንቅላት ያወጣችውን ምስል ዓለም እንዲታዘዝላት ታደርጋለች። ምናብ በአንዷ ዘንድ ከሥራው ይቀድማል፣ በሌላው ዘንድ በሥራው ውስጥ ይወለዳል። የእናንተን አስተያየት በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የአሮጌ ተራ ልጅ

ስለ ሥነ ጥበብ የተማርሁት ነገር የለም፤ የምሠራው የስልክ መስመር ጥገና ነው። ሆኖም ስለ ሽቦው የምለው አለኝ።

የስልክ ኬብል ውስጥ ያሉት ቀለሞች ለውበት የተመረጡ አይደሉም። አንድ ወፍራም ኬብል ሲከፈት 25 ጥንድ ሽቦ ይወጣል፤ እያንዳንዱን ጥንድ ከሌላው ለመለየት ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫና ወይን ጠጅ በአንድ ወገን፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማና ግራጫ በሌላ ወገን ሆነው ይጣመራሉ። መሐንዲሶቹ እነዚህን ቀለሞች የመረጧቸው ጉድጓድ ውስጥ በባትሪ ብርሃን የሚሠራ ሰው እንዳይሳሳት ነው። በሌላ አነጋገር አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር እንዳይስማማ፣ ዓይን ላይ ለብቻው እንዲጮኽ ታስቦ የተሠራ ቀለም ነው።

ሁለተኛው ነገር የዋጋው ጉዳይ ነው። ሽቦ ቁራሌው ዘንድ ሲገባ የሚፈለገው መዳቡ ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ይላጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ይቃጠላል፤ የሚተርፈው ጥቁር ጭስና የመዳብ ኪሎ ነው። የኤልያስን ሥራ በቅርብ ያየሁ ጊዜ የገረመኝ ገበያው የሚጥለውን ልጣጭ ዋና ነገር ማድረጉ ነው፤ መዳቡ እዚያው ውስጥ እንዳለ ተደብቆ ይቀራል፣ ሥራውን የሚሠራው ልጣጩ ነው። ቀለም አልቀባበትም፤ ያየሁት ቀለም ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ታዲያ እነዚያ የሚጮኹ ቀለሞች እንዴት ጸጥ አሉ? ቀረብ ብዬ ስመለከት ሁለትና ሦስት ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ አየሁ፤ ቢጫና ግራጫው ሲጎነጎኑ ከአንድ ክንድ ርቀት ሁለት ቀለም ናቸው፣ ከክፍሉ ማዶ ግን የደረቀ ሣር የሚመስል ሦስተኛ ቀለም ይሆናሉ። ይህን አስቀድሞ በወረቀት መንደፍ ይቻላል ብዬ አላምንም። እጅ እየሞከረ ያገኘው መሆን አለበት። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ።

ጨለማ ክፍል

ጽሑፍዎን በጥሞና አነበብሁት፤ መነሻው ትክክል ቢሆንም «መዝጊያው ጠቅ ሲል ሥራው ቀድሞ አልቋል» ያሉት ግን እኔን በፎቶግራፍ የምተዳደረውን አላሳመነኝም። ያነሡት የቀድሞው ተሳታፊ አባባል በፊት ለፊት በር ሲወጣ እርስዎ በጓሮ አስገብተውታል። እሳቸው «ፎቶግራፍ ምናብ የለውም» አሉ፤ እርስዎ ደግሞ «ምናቡ ያለው ከፎቶግራፉ በፊት ነው» አሉ። በሁለቱም አነጋገር ካሜራው ባዶ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

በ2018 አይዳ ዋተርኤይድ በተባለው ድርጅት ጥያቄ «ዋተር ላይፍ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ በአፋር ምድር፣ በዳሎል አካባቢ ሠርታለች። ርእሰ ጉዳዩ ውኃ መቅዳት በሴቶች ላይ የጣለው ሸክም ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ስፍራዎች አንዱ ነው። አሁን የሙያውን ነገር ልንገርዎ። ጨው መሬት ላይ ሲነጠፍ ብርሃኑ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከታችም ተመልሶ ፊትን ያበራል፣ ጥላ ያጠፋል፣ የካሜራው መለኪያ ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ሊጎትተው ይሞክራል። የተቀባ ገላ በዚያ ሙቀት ያልባል፤ ቀለሙ ሲሰነጠቅ ወይም ሲወርድ ያለው ጊዜ አጭር ነው። የጨርቁን ዘርፍ ነፋስ ያነሣዋል፣ እጥፋቱም የት ላይ እንደሚሰበር ንድፉ አይናገርም። ንድፉ ከቤት የመጣ ቢሆንም ምስሉ የተወሰነው እዚያ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ለጋዜጣ ሲሠሩ የኖሩ ዓይኖች የሚጠቅሙት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አለ። አንድ ሠዓሊ ሰማያዊ የለበሰች ሴት በጨው ሜዳ ላይ ቢስል ሴቲቱ አንዳች አልደከመችም። በፎቶግራፍ ግን እዚያ በእርግጥ የቆመ ሰው አለ። የአይዳ ምስል ሕልም ይመስላል፤ ተመልካቹ ግን ይህ ሕልም ክብደት እንዳለው፣ ጨውም ጨው እንደሆነ ያውቃል። ምናቡ ኃይሉን ያገኘው ከዚህ እውነት ጋር በመጣበቁ ነው። ያን ስፍራ በኮምፒውተር ከሌላ ቦታ አምጥቶ ከጀርባዋ መለጠፍ በቀለለ ነበር፤ ስሜቱ ግን አብሮ ይሄድ ነበር።

ቀለም ቀመስ

ጨለማ ክፍል፣ ስለ ጨው ብርሃን የጻፉት ለእኔ አዲስ ትምህርት ነው፤ ስለ ቦታው እውነትነት ያሉትንም እቀበላለሁ። ነገር ግን የሁለቱ ልዩነት በዚህ የሚጠፋ አይመስለኝም። አይዳ ነፋስና ላብ ሲገጥማት ሥራዋ ካሰበችው ምስል እንዳይርቅ ትታገላለች፤ ያልታሰበው ነገር እንደ ፈተና ይመጣባታል። ኤልያስ ዘንድ ያልታሰበው ነገር ራሱ ግብአቱ ነው። የተሰበረ ማዘርቦርድ አረንጓዴው ከሌላው አረንጓዴ ትንሽ ከጠቆረ ያች ጥቁረት የገበታውን አቅጣጫ ልትለውጥ ትችላለች። ሁለቱም ከአጋጣሚ ጋር ይሠራሉ፤ ከአጋጣሚው ጋር ያላቸው ዝምድና ግን የተለያየ ነው።

ንድፍ ወዳጅ

ውይይቱ ስለ አሠራር ብቻ ስለሆነ ወደሚታየው ነገር ልመልሳችሁ።

የአይዳን ሥራ ሳይ ቀድሞ የሚታወሰኝ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ሳይደባለቁ ጎን ለጎን የቆሙ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፤ ጥልቀት የሌለው፣ አንድ ወጥ ሆኖ የተቀባ ጀርባ፤ ጠርዙ በግልጽ የተቆረጠ አካል። በዚያ ሥዕል ሕግ ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው ደግሞ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አይዳ ይህን ሕግ ቃል በቃል አትከተልም፤ ሴቶቿ በጎንም ይቆማሉ፣ ይህም ኃጢአተኛ አያደርጋቸውም። የወሰደችው የአቀማመጡን ክብር ነው። እዚህ ላይ ከአፍሪካ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የገላ ቅብ ባህል የቀሰመችውን ስትጨምርበት ሴቲቱ ግለሰብ መሆኗ ይቀርና ምልክት ትሆናለች። «99» በተባለው ቀደም ያለ ተከታታይ ሥራዋ ነጩን ፊትና ቀዩን እጅ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ኤልያስ ደግሞ ሰውን ጨርሶ አስወጥቶታል። በ«ታይትሮፕ» ገበታዎች ላይ በአብዛኛው የምናየው ከላይ የታየ ምድር፣ ማሳ፣ ወንዝ፣ የከተማ ፍርግርግ የመሰለ ነገር ነው። ሰው ግን በሌላ መንገድ ይገባል። ያ የኪቦርድ ቁልፍ በማናውቃቸው ሰዎች ጣት ለዓመታት ተነክቷል፤ አንዳንዱ ፊደሉ እስኪጠፋ ድረስ ተፍቆ አልቋል።

እንግዲህ አንዲት ሰውን አቅርባ ማንነቱን ትሸፍናለች፣ አንዱ ሰውን አርቆ አሻራውን ያስቀምጣል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ኤልያስን እመርጣለሁ። ምክንያቴንም ልደብቅ አልፈልግም፤ የአይዳ ሴቶች ውብ ናቸው፣ ነገር ግን ከብዙዎቹ ፊት ቆሜ ይህች ልጅ ማን ናት ብዬ ብጠይቅ ምስሉ አይመልስልኝም። ሴት ዳግመኛ ገጽታ ብቻ ሆና ስትቀር ደስ አይለኝም።

ጨለማ ክፍል

ንድፍ ወዳጅ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ መልሱ ግን የምስሉን ታሪክ ከማስታወስ ይጀምራል። እኛ አገር የሴት ፊት በፎቶግራፍ ለዓለም ሲቀርብ የኖረው እንዴት ነው? በድርቁ ዘመን የተነሡትን ምስሎች አስቡ። እያንዳንዱ ፊት በቅርብ፣ ከነዝንቡ፣ ከነእንባው ይታያል፤ የሴቲቱ ስም ግን አልተጠየቀም። ማንነት በጣም የሚታይበት ያ ምስል ማንነት ፈጽሞ የጠፋበት ነበር። አይዳ ስለ ውኃ ችግር እንድትሠራ ስትጠየቅ ጀሪካን የተሸከመች ጎስቋላ እናት አላቀረበችም። ቀለሙ እንደ ጋሻ ነው፤ ተመልካቹ እንዲያዝንላት ሳይሆን እንዲያከብራት ያስገድደዋል። የልጅቷን ማንነት ለእኛ አለመስጠቱ ለእሷ የተተወ መብት ነው ብዬ አያለሁ።

ንድፍ ወዳጅ

የድርቁን ምስል በማንሣትዎ እስማማለሁ። ሆኖም ምርጫ ሁለት ብቻ አይደለም፤ በጉስቁልናና በጋሻ መካከል ስሟ የሚጠራ፣ የምትስቅ፣ የምትቆጣ ሴት ልትኖር ትችላለች። አይዳ ያንን መሥራት ነበረባት ማለቴ አይደለም፤ ምናቧ ወደዚያ አይሄድም ማለቴ ነው።

ማዕዶት

ከቺካጎ ነው የምጽፈው። አንድ ያልተነሣ ነገር አለ፤ እሱም እነዚህን ሥራዎች የምናያቸው በምን በኩል ነው የሚለው ነው።

በ2022 የአይዳ ሥራዎች በኒው ዮርክ፣ በቦስተን፣ በአቢጃንና እኔ በምኖርበት ከተማ ከ300 በሚበልጡ የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተሰቅለው ነበር። ርእሱ የተወሰደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1974 ከጻፈው ግጥም ነው። በቅዝቃዜ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የሸቀጥ ማስታወቂያ በለመደው ቦታ ላይ ያን ቀይና ሰማያዊ ሲያገኝ ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። ሥራው በሙዚየም ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም፣ በመስታወት ውስጥ ቢበራም፣ በስልክ ቢታይም ያው ነው፤ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ቀለሙ ያልተደባለቀ ስለሆነ ሲያንስም አይሞትም።

የኤልያስን ዐውደ ርእይ ደግሞ ከቤቴ ርቄ ሄጄ ነው ያየሁት። ከኒው ዮርክ ግዛቱ ሃሚልተን ኮሌጅ ተነሥቶ በየሙዚየሙ ሲዞር ካንሳስ ሲቲ ደርሶ ነበር። ከመሄዴ በፊት በስልኬ ያየሁት ምስልና እዚያ የቆመው ነገር አይተዋወቁም። በስልክ ስታዩት የኤልያስ ገበታ ከአውሮፕላን የተነሣ የእርሻ ፎቶግራፍ ይመስላል። በአካል ስትቆሙ ግን ዓይናችሁ ማሳውን ለማየት ወደ ኋላ እንድትሄዱ፣ ሽቦውን ለማየት ደግሞ ወደ ፊት እንድትቀርቡ ያዛችኋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። እኔ ካንዱ ገበታ ፊት እየሄድሁ ስመለስ የሙዚየሙ ጠባቂ በዓይኑ ይከተለኝ ነበር፤ ልነካው የመሰለው ይመስለኛል፣ አልተሳሳተም።

ስለዚህ ቀለም ቀመስ ያነሡት መገለባበጥ በተመልካቹም ዘንድ አለ። የኤልያስ ሥራ ፎቶግራፍ ሲነሣ ፎቶግራፍ ይመስላል፤ የአይዳ ፎቶግራፍ በትልቁ ሲታተም ሥዕል ይመስላል።

አልዋጥልኝ ያለ

ይቅርታ ይደረግልኝና የኤልያስ ሥራ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አደገኛነት አይደለም እንዴ? በጋዜጣ ሁሉ የሚጻፈው እሱ ነው። እናንተ ስለ ቀለምና ስለ ጉንጉን ስታወሩ ዋናውን መልእክት ዘለላችሁት። ደግሞስ ሁለቱንም የሚገዛቸው የውጭ ሰው ነው፤ ለእኛ ምን ፋይዳ አለው?

የአሮጌ ተራ ልጅ

አልዋጥልኝ ያለ፣ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው «ቆሻሻ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይጠቀምም። እዚያ የተሰበረ ራዲዮ ለሌላ ራዲዮ መለዋወጫ ነው፤ ቆርቆሮው ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ ይሆናል። የተጣለ ነገር መልሶ መጠቀም ለውጭ ተመልካች መልእክት ሊሆን ይችላል፣ ለመርካቶ ሰው የዕለት ሥራው ነው። ኤልያስ የሚለየው መለዋወጫውን ለሥራ ሳይመልሰው ለማየት ብቻ ማዋሉ ነው። እኔ እንደ ጥገና ሠራተኛ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ «ይህ ሁሉ ሽቦ ስንት ቤት ስልክ ያስገባ ነበር» ብዬ ተቆጭቻለሁ። ቁጭቱ ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ።

ቀለም ቀመስ

ስለ ገዢዎቹ የተባለው እውነትነት አለው። ኤልያስ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ፣ አይዳም በ2018 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራቸውን አቅርበዋል፤ ትልልቆቹ ሥራዎቻቸው ተመልሰው አዲስ አበባ የሚታዩበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ነገር ግን ፋይዳቸውን በተሸጠው ብቻ መመዘን አይገባም። ሁለቱም ከሥራ ክፍላቸው ውጭ የገነቡት ነገር አለ፤ እዚያ ላይ ደግሞ የእስካሁኑ ክርክራችን ሌላ መልክ ይይዛል።

አይዳ የገነባችው መድረክ ነው። አዲስ ፎቶ ፌስት ከብዙ አገር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አዲስ አበባ ላይ አገናኝቷል፤ ወጣቶች ሥራቸውን ለባለሙያ አሳይተው አስተያየት የሚቀበሉበትም ስፍራ ሆኗል። ምስል ማን ስለ ማን ያነሣል ለሚለው ጥያቄ በቁጥር ብዙ ዓይን በማፍራት የተሰጠ መልስ ነው። ኤልያስ ደግሞ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2002 የመሠረቱት የዞማ ማዕከል አድጎ በ2019 መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየም ተከፈተ። ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ በባህላዊው መንገድ የተሠሩ ሲሆኑ ላያቸው በጭቃው ገና እርጥብ ሳለ በተቀረጸ ጌጥ ተሸፍኗል። ወደ ግድግዳው የተጠጋ ሰው የሽቦው ጉንጉን ላይ ያለውን ያንኑ የመስመር ፍቅር ያየዋል፤ መዳፍ አልፎበት የቀረ ለስላሳ ቦይ፣ ከጎኑ ሌላ ቦይ፣ ደግሞ ሌላ።

ጨለማ ክፍል

ዞማን ካነሡ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የፎቶግራፍ እትም ቁጥሩ ተወስኖ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ከዚያ በኋላ አይለወጥም፤ ቢበላሽ እንኳ ፋይሉ አለ። የጭቃ ግድግዳ ግን ዝናብ ይመታዋል፣ ይሰነጠቃል፣ መለሰን ይፈልጋል። ለዚያ ሥራ ጭቃ ማቡካትና ጭዱን በልክ መቀላቀል የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ መገኘት አለበት። ስለዚህ የኤልያስ ምናብ በሥራው ውስጥ ይወለዳል ያሉትን ከቀበልሁ፣ በዞማ ያ ምናብ የእሱ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የሚለስነው ሠራተኛ እጅም አለበት። በአይዳም በኩል ቀቢዋ፣ ልብስ ሰፊውና ሞዴሏ አሉ። በሁለቱም ዘንድ የእነዚህ ሰዎች ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን የሚያውቅ፣ በተለይ ዞማ ግንባታ ላይ የሠራ ሰው እዚህ ካለ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

የአሮጌ ተራ ልጅ

በዞማ አልሠራሁም፤ ጭቃ ቤት ግን ከአባቴ ጋር መርጌያለሁ። ጭቃው ተቦክቶ ሳይቀመጥ ከተመረገ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ እስኪልም ድረስ ቀናት ይተዋል፣ ይረገጣል፣ ውኃ ይጨመርበታል። ጌጥ የሚያወጣው ሰው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያቦካው ሰው ቸኩሎ ከነበረ ደግሞ የፈለገውን ቢቀርጽ አይያዝለትም።